ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው

«ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በአጥር በር ላይ ያላየ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለንም። በቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፋል። አቅም ያለው ደግሞ ጥርሱን ያገጠጠ ጀርመን ሼፐርድ ያሥልበታል። ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ለውስጥ ብትሄዱ፣ ወደ መንደራ ብትሻገሩ፣ ቦሳ አዲስ ብትዘልቁ፣ አጋሮ ደርሳችሁ የቡና ነጋዴዎቹን ትልልቅ ግቢዎች ብታዩ ያው ጽሑፍ ነው የሚቀበላችሁ። ነገሩ ማስጠንቀቂያ ነው ይባላል እንጂ ቃናው የኩራት ነው። ሰው ዲግሪውን ሳሎን እንደሚሰቅለው ሁሉ የውሻውን ኃይለኛነት በሩ ላይ ይሰቅላል።

ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ ግድ የለም፣ ይስቀል። ጉዱ የሚፈላው ያ በቆርቆሮ የተሞካሸ ውሻ በገመድ ተይዞ ከበሩ የወጣ ዕለት ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር የሚያብድ፣ ገመዱን የሚወጥር፣ ያዡን ድንጋይ ለድንጋይ የሚጎትት ውሻ ይዞ ወክ ስለመውጣት። «አገር ስንት ጣጣ እያለባት ስለ ውሻ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሰን፣ ወደ እሱም እንመጣለን።

ትዕይንቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማለዳ ነው። ቱታ የለበሰ ወጣት ውሻውን ይዞ ይወጣል። ገመዱን እጁ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥሞታል። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ከተጋደሙት ውሾች አንዱ ቀና ይላል። የወጣቱ ውሻ በኋላ እግሮቹ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ አንገቱ ታንቆ ምላሱ ይሰቀላል። ልጁ ይጎትታል፣ ይቆጣል፣ በገመዱ ጫፍ ጀርባውን ያቀምሰዋል። ቡና የሚጠጡት ሰዎች ደግሞ ያጨበጭባሉ። «አቤት ጉልበት! አንበሳ ነው ባክህ!» በማግስቱ ውሻው ይብስበታል። በሳምንቱ ልጁ ይሰለቸዋል። በወሩ ወክ የሚባል ነገር ይቀርና ውሻው ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል፤ እዚያው ዕድሜውን ይጨርሳል። በየሰፈሩ እንዲህ ተጀምሮ እንዲህ ያለቀ ወክ ስንቱ ነው?

አቋማችን አጭር ነው። ያ ውሻ ጀግናም አይደለም፣ ክፉም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የፈራ ወይም የጓጓ፣ መሸሻም መቅረቢያም የተነፈገ ውሻ ነው። የያዡ ሥራ ግጥሚያውን ማሸነፍ ሳይሆን ግጥሚያው እንዳይኖር ማድረግ ነው። አንዱ የገመድ ጫፍ የውሻው አንገት ላይ ነው፤ ሌላው ጫፍ የእኛ እጅ ላይ። ሁሌ የሚወቀሰው ያኛው ጫፍ ብቻ መሆኑ አይገባንም።

ገመዱ የሚነፍገው ነገር

ሁለት ውሾች ልቅ ሆነው ሲገናኙ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት አይገጥሙም። ጎን ጎን ብለው፣ ትንሽ ጠመም ባለ መንገድ ዞረው ይጠጋጋሉ። በውሻ ቋንቋ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ጠብ ፍለጋ ነው። ስለዚህ አንዱ ፊቱን ያዞራል፣ ሌላው ድንገት ሥራ የመጣበት ይመስል መሬት ማሽተት ይጀምራል፣ ወይም ከንፈሩን ይልሳል። ይሄ ሁሉ «ጠብ አልፈልግም» ነው። ተሸታትተው ካልተስማሙም አንዱ ጥሎ ይሄዳል። በቃ።

ገመድ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ሥርዓት ይፈርሳል። ያዡ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ውሻውም ሳይወድ በግድ ፊት ለፊት ይሄዳል። ገመዱ ሲወጠር ጭንቅላቱ ቀና፣ ደረቱ ወደ ፊት ይሆናል። ከወዲያ ለሚያየው ውሻ ይሄ «ና ይዋጣልን» የሚል አቋም ነው። የእኛው ውሻ ልቡ «ሽሽ» ቢለው መሸሻ የለውም። መሸሽ ያልቻለ እንስሳ የሚቀረው ማስፈራራት ነው። ስለዚህ ይጮኻል፣ ይወረወራል። በዚህ መሀል ያኛው ውሻ መንገዱን ይቀጥላል፣ ወይም ያዡ ጎትቶ ያርቀዋል። የእኛው ጀግና ግን «አባረርኩት!» ብሎ ነው የሚመዘግበው። በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎና ጮክ ብሎ ይጀምራል። ማንም ሳያሰለጥነው ሰለጠነ ማለት ይሄ ነው።

ሌላም ዓይነት አለ። አንዳንዱ ውሻ ጨርሶ አልፈራም፤ ሄዶ መጫወት፣ መሽተት ፈልጎ ነው። ገመዱ ሲከለክለው ጉጉቱ ወደ ንዴት ይለወጣል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጩኸት ጩኸት ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ከጎረቤት ውሻ ጋር ልቅ ሲሆን ተጫውቶ የሚያድር፣ ገመድ ሲገባለት ግን የሚለወጥ ከሆነ ችግሩ ጉጉት ሳይሆን አይቀርም። ልቅም ሆነ ታስሮ ጅራቱን እግሩ መሀል ከቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ የሚጮህ ከሆነ ፍርሃት ነው። ሁለቱም ዱላ አያስፈልጋቸውም። ሁለቱም ርቀት ያስፈልጋቸዋል።

ነገሩ ከግቢ ይጀምራል

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ላይ ቡችሎችን ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው የደረሱበትን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከሥራቸው የወጣው ትልቅ ቁምነገር ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት አጭር ወቅት ያለው መሆኑ ነው። ይሄ ወቅት ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ይዘልቃል። በነዚያ ሳምንታት በደህና ሁኔታ ያየው ሰው፣ ውሻ፣ በግ፣ ጋሪና ባጃጅ ዕድሜውን ሙሉ አያስደነግጠውም። ያላየው ነገር ሁሉ ግን በኋላ ባዕድ ይሆንበታል።

እስቲ የእኛ ቡችላ በነዚያ ሳምንታት የት እንደሚውል እናስብ። «ሰው እንዳይለምድ» ተብሎ ጓሮ ይደበቃል። «ጨለማ ያደገ ኃይለኛ ይሆናል» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ይዘጋበታል። ትንሽ ከፍ ሲል ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰርና ሌሊት ይለቀቃል። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ነገር ቢኖር በአጥሩ ቀዳዳ የሚያልፉ ውሾችን ነው። እያንዳንዳቸውን ይጮህባቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም ያልፋሉ። «አባረርኩት» የሚለውን ትምህርት በቀን ሃያ ጊዜ ይከልሳል ማለት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ብለን ያሳደግነውን ውሻ፣ አንድ ቀን ድንገት ከበሩ አውጥተን ዝም እንዲል መጠበቅ ፍርድ መጓደል ነው።

ጆሮ የሚቆርጡም አሉ። ኃይለኛ ያደርገዋል ይላሉ። ጆሮ መቁረጥ ውሻን ኃይለኛ አያደርግም፤ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ውሻ ከውሻ ጋር የሚነጋገረው በጆሮው፣ በጅራቱ፣ በፊቱና በሰውነቱ አቋም ነው። ጆሮውን ስንቆርጠው ሐሳቡን ከሚገልጽባቸው መሣሪያዎች አንዱን ቀማነው። ከዚያ «ከሌሎች ጋር አይግባባም» እንለዋለን።

የቪዲዮው ምክርና የእኛ መንገድ

አሁን አሁን ውሻ ያለው ወጣት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዩቲዩብ ነው። ጥሩ ነው፣ ብዙ ይማራል። ችግሩ በቪዲዮው ላይ ያለው መንገድ የእኛን አይመስልም። እዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ሁሉም ውሻ በገመድ ነው፣ «ወደ ማዶ ተሻገሩ» ሲባል ማዶ አለ። ጊንጆ ላይ አንዱ ታስሯል፣ አምስቱ ልቅ ናቸው። ተሻግረን ብናመልጥ አምስቱም ተሻግረው ሊከተሉን ይችላሉ። መንገዱ ራሱ በክረምት ጭቃው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ብቻ ይተውልናል።

ቢሆንም ስለ ልቅ ውሾቻችን የማይነገር አንድ መልካም ነገር አለ። ከገመዱ ውሻ ይልቅ ሥነ ሥርዓት ያውቃሉ። መንገድ ላይ ያደገ ውሻ ያለ ምክንያት ቢደባደብ ቆስሎ፣ ተርቦ ይሞታል። ስለዚህ አብዛኞቹ የያዙት ወሰን አላቸው፤ የሥጋ ቤቱ ደጃፍ፣ የቆሻሻ ገንዳው አካባቢ፣ ሦስት በር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ። ወሰናቸው ድረስ እየጮኹ ይሸኙናል፣ ከዚያ ይቆማሉ። ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያ የቤት ሥራው እንግዲህ ውሻውን ትቶ ብቻውን መዞር ነው። የትኛው ሥጋ ቤት ስንት ውሻ አለው? የትኛው ግቢ በሩን ክፍት ይተዋል? የትኛዋ ቡችሎች አሏት? (ቡችላ ያላት እናት ቀልድ አታውቅም።) የሰፈሩን የውሾች ካርታ በጭንቅላታችን ከሣልን ግማሹን ጠብ ከቤት ሳንወጣ አስቀረነው።

በቡና ከተሞቹ ደግሞ ካርታው ከወቅት ጋር ይቀያየራል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀምና ሲሰጣ፣ አጋሮም በሉት ሊሙ ኮሳ፣ የተሰጣ ቡና ካለበት ውሻ አለ። ያ ውሻ ሥራ ላይ ነው። በሌላ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ የሚያሳልፈን ውሻ ያን ሰሞን ባያሳልፈን አይፈረድበትም። ዞር ብሎ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለን፤ ዩቲዩብ የማያስተምረው። ጎንበስ ማለት። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ሲሉ የሚመጣው ውሻ መሮጡን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ይሠራል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ በገመድ የያዝነውም ውሻ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ጎንበስ ባልን ቁጥር እሱም ይሸማቀቃል፤ ሌላ ውሻ ማየትንና ድንጋይን አንድ ላይ ያስራል። የሚሻለው በሁለቱ መሀል ቆሞ በደረቅ ድምፅ «ሂድ!» ማለት ነው። ያም ካልበቃ ከኪሳችን አንድ እፍኝ ምግብ ወደ ልቆቹ በትነን፣ እነሱ መሬቱን ሲለቅሙ እኛ መንገዳችንን መቀጠል ነው። ጉቦ ነው? ጉቦ ነው። ከነክሻ ይረክሳል።

ታዲያ እንዴት ይያዝ?

የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነገር ርቀት ነው። እያንዳንዱ ውሻ ሌላውን ውሻ እያየ ገና ያልተቆጣበት፣ ስሙ ሲጠራ የሚሰማበት፣ ምግብ ቢሰጡት የሚበላበት ርቀት አለው። ለአንዱ 10 ሜትር ነው፣ ለሌላው 50። ከዚያ ከቀረበ ጆሮው አይሰማም፣ ምግብም አይታየውም፤ ያን ጊዜ ማስተማር የለም፣ መራቅ ብቻ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ርቀት ውጭ ነው።

እዚያ ላይ ቆመን ኢቫን ፓቭሎቭን እናስታውሰው። በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ደወሉንና ምራቁን ሸምድደን ፈተና ላይ የጻፍነው ሩሲያዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል ያገኘው ማለታችን ነው። የፓቭሎቭ ነገር ከፈተና ውጭም ያገለግላል። ሌላ ውሻ ብቅ ሲል ምግብ ይመጣል። ያ ውሻ ሲሰወር ምግቡ ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ውሻው ይታያል፣ ቀጥሎ ምግቡ ይመጣል። ሳይሰለቹ ሲደጋገም «ውሻ መጣ፣ አለቀልኝ» የነበረው ስሜት ቀስ በቀስ «ውሻ መጣ፣ ጉርሻዬስ?» ወደሚል ይዞራል። አንድ ቀን ሌላውን ውሻ አይቶ ከመጮህ ይልቅ ዞሮ ፊታችንን ያያል። ያን ቀን ፈንጠዝያ ማድረግ ይፈቀዳል።

ለዚህ የፈረንጅ ብስኩት አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት የተገዛ ሳንባ ወይም ጉበት ተቀቅሎ እንደ ባቄላ ፍሬ ተቆራርጦ ኪስ ውስጥ በላስቲክ መያዝ ይበቃል። የወጥ ትራፊ ግን ይቅር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ። የቡና አተላም እንደዚያው ነው። ሰው ሦስት ስኒ ጠጥቶ የሚነቃበት ካፌይን ውሻን ሊገድለው ይችላል፤ ጅማ ዙሪያ ለሚኖር ውሻ ይሄ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ቀጥሎ የማምለጫ ዘዴ ነው። ግቢ ውስጥ ምንም ውሻ በሌለበት «እንሂድ» ብሎ ዞሮ መሄድን አስለምዱት። ሲከተል ጉርሻ። ይሄ ሲለመድ መንገድ ላይ ከጥጉ ድንገት ውሻ ብቅ ቢል ሳንጎትት፣ ሳንጮህ ዞረን እንሄዳለን። ጠባብ ቦታ ከሆነ የቆመ ባጃጅ፣ ጋሪ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ መጋረጃ ይሆናል። ውሻ ያላየውን አይጮህበትም።

ገመዱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል። አንገት ላይ ከሚያንቅ ማሰሪያ ደረት ላይ የሚታሰረው ይሻላል። እጅ ላይ መጠምጠም ግን ክልክል ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሲወረወር ጣት ይሰበራል። ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ከሆነ ደግሞ አፉ ላይ የሚጠለቅ፣ ቅርጫት የመሰለ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። አፉን በገመድ ጠፍሮ ማሰር አይሆንም፤ ውሻ የሚቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። ቅርጫቱ ያስተነፍሰዋል፣ ውኃም ያስጠጣዋል። ቤት ውስጥ በጉርሻ እየተለማመደ ከገባበት አይጠላውም። ሰው ሲያይ «አይ ይሄማ አውሬ ነው» ቢል ይበል። ቅርጫት ያደረገ ውሻ በሰፈሩ ውስጥ ኃላፊነት የሚሰማው ባለቤት ያለው ውሻ ነው።

ሰዓትም ምርጫ ነው። ከጅብ ሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ሰዓት በፊት። አንድ ቀን ክፉኛ ተቆጥቶ ከሆነም በማግስቱ ማረፍ ነውር የለውም። ሰውነቱ ውስጥ የተነሣው ድንጋጤ ቶሎ አይበርድም፤ ገና ሳይረጋ ብናወጣው ትንሿ ነገር ትበቃዋለች። ያን ቀን ግቢ ውስጥ ምግቡን በየሳሩ ደብቆ ማስፈለግ ይቻላል፤ ማሽተት ውሻን ያደክማል፣ ያረጋጋልም።

ጠብ ከተነሣ ደግሞ በሁለት አፍ መሀል እጅ አይገባም። ውኃ መድፋት፣ ጃኬት መወርወር፣ ቆርቆሮ መምታት ይሞከራል።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት። መጨረሻውስ? ውሻችን ከሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጋር ጓደኛ ይሆናል ብለን አንዋሽም። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ውሻ አይወድም። ግቡ ሌላውን ውሻ አይቶ ማለፍ መቻሉ ነው። እኛስ ብንሆን ከምናልፈው ሰው ሁሉ ጋር እንሳሳማለን እንዴ?

«ውሻ የሚገባው በዱላ ነው»

ይሄን የሚሉን ብዙ ናቸው፤ ታላላቆቻችንም ጭምር ናቸውና በአክብሮት እንመልስ።

ከላይ ያነሣነውን ፓቭሎቭን ገልብጡት። ውሻው ሌላ ውሻ ያያል፣ ወዲያው ዱላ ያርፍበታል። ምን ይማራል? «ያ ውሻ ሲመጣ ያመኛል» ነው የሚማረው። ፍርሃቱ እውነት ሆነለት። የባሰው ደግሞ ማጉረምረሙን በዱላ ያስተዉት ውሻ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ቀማነው እንጂ ስሜቱን አልቀየርንም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሳያጉረመርም ይነክሳል። «ምንም ሳይል ነከሰ» የሚባለው ውሻ ብዙ ጊዜ ማለት የተከለከለ ውሻ ነው።

ይሄ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ውሻን ለማሰልጠንም ሆነ ጠባዩን ለማረም ሽልማት ላይ የተመሠረተ ዘዴ ብቻ እንዲሠራበት መክሯል። ዌልስ ውሻን በኤሌክትሪክ የሚያነዝር የአንገት ማሰሪያ መጠቀምን ከከለከለች ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል።

«ተዋቸው፣ ይደባደቡና ይለይላቸው» የሚሉም አሉ። ለማን ነው የሚለይለት? የቆሰለው ይፈራል፣ ያሸነፈው ይደግማል። አንድም የሚለይለት የለም።

ለምን ግድ ይለናል?

«አገር ስንት ጣጣ እያለባት» ወዳለን አንባቢ መጣን።

አንደኛው ጣጣ ይሄው ነው። በውሻ ነክሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ኢትዮጵያም በሽታው ክፉኛ ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ ናት። የሚያበሳጨው መከላከያው የታወቀ መሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ሜስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከውሾች 70 በመቶው ከተከተበ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ዓለምም ከውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ ሰው እንዳይሞት ለ2030 (እ.ኤ.አ.) ቀጠሮ ይዟል።

እዚህ ላይ ነው የገመዱ ነገር የሚገባው። ያልተከተበ ውሻችን መንገድ ላይ ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተናክሶ ሲመለስ ጭረት ብቻ አይደለም ይዞ የሚመለሰው። የሚመለሰው ወደ ልጆች ነው፣ ወደ ታናሽ እህቶቻችን። በባሌ ተራሮች የሆነውን አስቡት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04፣ በ2008–09 እና በ2014 በእብድ ውሻ በሽታ አልቋል፤ በሽታው የመጣው ከሰው ውሾች ነው። ውሻ ለውሻ የሚደረግ ጠብ እዚያው አያልቅም።

ስለዚህ ክትባት ከገመድ በፊት ይቀድማል። ሰው የተነከሰ እንደሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። የነከሰውን ውሻ ገድሎ ከመቅበርም በጥንቃቄ አስሮ በእንስሳት ሐኪም ለ10 ቀን ማስጠበቅ ይሻላል፤ የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር ያን 10 ቀን መጠበቅ የለበትም። ውሻው ድንገት ጠባዩ ከተለወጠም ወደ ዱላ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው። ሕመም ያለበት ውሻም ተቆጪ ይሆናል። ጅማ እኮ የእንስሳት ሐኪም የምታፈራ ከተማ ናት! የግብርና ኮሌጁ ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ነው የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው። በየበሩ ከምንሰቅለው ቆርቆሮ ላይ «ኃይለኛ ውሻ» የሚለው ተፍቆ «የተከተበ ውሻ አለ» ተብሎ ቢጻፍ ምንኛ ያኮራ ነበር!

ሁለተኛው ጣጣ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ድንገት አምልጦትም ቢሆን፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። «ገመዱን በጥሶብኝ ነው» የሚለው ምክንያት በሕጉ ፊት አያድንም ማለት ነው። አንበሳ ነው ብሎ ያጨበጨበውም ሰው አብሮ አይከፍልም።

ሦስተኛው ጉርብትና ነው። በከተማችን ልብሱን የውሻ ምራቅ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ ብዙ ሰው አለ፤ ወደ ሶላት የሚሄድ አባት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትስም እናት። ውሻ አይጠሉም፣ መነካቱን ነው የማይፈልጉት። በገመድ የያዘ ሰው ለነሱ መንገድ መልቀቅ አለበት። አንድ ቀን አንድ ውሻ አንድ ልጅ ላይ ሲወረወር ሰፈሩ ይቆጣል። የተቆጣ ሰፈር ደግሞ መርዝ ነው የሚያስበው። በየከተማው ስንት ጊዜ ውሾች በመርዝ ተፈጁ? «ደመ ከልብ» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልመጣም። መርዙ የሚያገኘው ግን ጥፋተኛውን አይደለም። ያንን ሥጋ ቤት ደጃፍ ተኝቶ የነበረውን፣ ሥርዓት የሚያውቀውን ነው የሚያገኘው። የተገደሉትን ተክተው ሌሎች ያልተከተቡ ይመጣሉና በሽታውም አይቆምም።

እና ቅንጦት ነው? ቅንጦት የሚሆነው ውሻን ለፎቶ ይዞ መውጣት ነው። በሰንሰለት አስሮ አሳድጎ፣ አንድ ቀን ሕዝብ መሀል አውጥቶ፣ ሲጮህ ማስጨብጨብ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገመድ፣ አንድ ላስቲክ ጉበት፣ በዓመት አንድ ክትባትና ትዕግሥት ግን ቅንጦት አይደሉም። ከአንድ ሰው የነክሻ ሕክምና ይረክሳሉ።

«ግመሎቹም ይሄዳሉ፣ ውሾቹም ይጮሃሉ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ፖለቲከኞቹ እንደሆነ ሁልጊዜ ራሳቸውን ግመል እያደረጉ ነው የሚተርቱት። ስለ ውሾቹ የጠየቀ ግን አልነበረም። ለምን ይጮሃሉ? ምን አስፈራቸው? ማን አሰራቸው? ነገ ማለዳ ገመድ የምታነሱ ወዳጆቻችን ይሄንኑ ጠይቁ። ከርቀቱ ጀምሩ፣ ኪሳችሁን ሙሉ፣ ጭብጨባውን አትስሙ። ውሻችሁ ሌላ ውሻ አይቶ ወደ እናንተ የዞረ ቀን ማንም አያጨበጭብም፤ ምንም ስላልተፈጠረ። ስንለፋ የሰነበትነው ምንም እንዳይፈጠር ነው።

ቸር ያገናኘን።